ፈረሰኛው ይቀራል

ዝናብ የመታው ፈረስ ሽታና እኔ የቆየ ጉዳይ አለን። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ መቱ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጥ ስፈትል፣ ያ የምታውቁት የኛ አገር ዶፍ ወረደ። አንድ ጎልማሳ ፈረሱን እየሳበ የአጥሬ በር ላይ ቆመና «ቤቶች! እስኪያባራ ታስጠልሉናላችሁ?» አለ። የወንድሜ የልጅ ልጅ ሰናይት «ኧረ ይግቡ፣ ምን ጥያቄ አለው» ብላ አስገባችው። ከጎሬ ወዲያ ከቡሬ መንገድ ነው የመጣሁት፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ጠይቄ መመለሴ ነው፣ ጭቃው መኪና ቢያሳጣኝ ጊዜ በፈረስ መጣሁ እያለ ያወራል። እኔ በወጉ አልሰማሁትም። ፈረሱ በረንዳው ጥግ ቆሞ ውኃው ሲንጠፈጠፍለት ያ የላብ፣ የረጠበ ኮርቻ፣ የጭቃና የሣር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቀጥሎ አንገቱን ነቀነቀና ያሰረው ቃጭል ጮኸ። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ሰናይት «ምን ሆኑ እማማ?» ብላ ስትደነግጥ «ምን እሆናለሁ፣ እርጅና ነዋ» አልኳት። ውሸቴን ነው።

የዛሬ ልጆች ጎሬ ሲባል ከመቱ ተነስቶ መኪና የሚያደርስበት አንድ ዳገት ይመስላቸዋል። መሥሪያ ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሰዉም ወደዚህ ወደ መቱ ወርዶ ካለቀ በኋላ የተወለዱ ናቸው፣ ምን ያድርጉ። ያኔ ግን ጎሬ ጎሬ ነበረች! ገዥው እዚያ፣ ጉምሩኩ እዚያ፣ ቡናው ከየአገሩ ተጭኖ የሚገባው እዚያ። ከጋምቤላ በጀልባ የመጣው ዕቃ በበቅሎ ጀርባና በሰው ራስ ያንን ዳገት ወጥቶ የሚራገፈው እዚያ። የግሪኩ ሱቅ፣ የአርመኑ ሱቅ፣ የዐረቡ ሱቅ ጎን ለጎን ቆርቆሯቸውን ደፍተው፣ በራቸው ላይ አቡጀዲው እንደ ግድግዳ ተከምሮ፣ ፋኖሱ ተንጠልጥሎ፣ ያ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ ስኳር ተደርድሮ። ስኳሩን በመዶሻ ነበር የሚሰብሩልን። ገንዘቡ ጠገራ ብር ነው፣ ዝርዝር ሲጠፋ ደግሞ ጥይት። አዎ ጥይት! አንዲት ጥይት ሰጥቶ ማሰሮ መግዛት ማንንም አይገርምም ነበር። ዝናቡ እንደሆነ የማይዘንብበትን ወር መፈለግ ነው። ጉሙ ሳይጠሩት በመስኮት ይገባና አልጋ ላይ ይተኛል። ቀሚሳችንን ከእሳት ዳር ካላደረቅነው ሻጋታ ያበቅል ነበር።

እንግዲህ በዚያች ከተማ ነው ፈረሰኛ ዘበኞች የነበሩት። ሌባና ሽፍታ ነጋዴውን ሲያስቸግር ገዥው አቋቋማቸው ይባላል፣ እኔ ስደርስ ደርሰው ነው ያገኘኋቸው። ካኪ ኮት ይለብሳሉ፣ ባርኔጣ ይደፋሉ፣ እግራቸው ግን ባዶ ነው፣ በአውራ ጣታቸው ብቻ እርካቡን ይዘው ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ጫማ ያለው ሰው ያፍራል። አለንጋቸውን በግራ፣ ጠመንጃቸውን በትከሻ። ጧት ጧት ገበያውን፣ ወደ ማታ ደግሞ የውኃ መንገዱንና የየሰፈሩን አጥር ይዞራሉ። በፈረሶቹ አንገት ላይ ቃጭል ነበረ። ለሌባ ማስጠንቀቂያ መስጠት አይደለም ወይ ብሎ የሚቀልድ ነበር፣ እውነቱን ነው። ለኛ ግን ያ ቃጭል ሰላም ማለት ነበር። የዘበኞቹን ስም ማንም አይጠራም፣ በፈረሳቸው መልክ ነው የሚጠሩት፤ አባ ዳማ፣ አባ ቡላ፣ አባ ጉራቻ። አባ እያሉ በፈረስ ስም መጠራት የትልልቅ ሰው ወግ ነው፣ ከተማው ግን ለቀልድም ለፍቅርም ብሎ ለነሱም ሰጣቸው። እነሱም ወደዱት፣ ማን ይጠላል!

ሁሉ ሰው ይወዳቸው ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ለፈረሶቹ ሣር የማቅረብ ተራ ነበረብን፣ ተራው የደረሰበት ቤት በዝናብ ማጭድ ይዞ ሲወጣ የሚወርደው እርግማን ለጆሮ አይጥምም። ሸክላ ሻጮቹማ ጨርሰው ሊያዩአቸው አይፈልጉም። ፈረስ በገበያ መሐል አንዴ ከደነበረ ስንት ገንቦ፣ ስንት ጀበና ይዞ ይሄዳል። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሸክላ ሠርታ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ነበረች፤ ገና ቃጭሉን ስትሰማ ዕቃዋን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስታወርድባቸው ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። ዘበኞቹም እየሳቁ ነበር የሚያልፉት፣ ይህ ነው የበለጠ የሚያናድዳት።

እኔ ያኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ። አባቴና እናቴን ንዳድ በአንድ ክረምት ወስዶብኝ ወንድሜ ጋሼ ተሰማ ነው ያሳደገኝ። ቡና ነጋዴ ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ መንገድ ላይ፣ ጨካኝ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። የፈሪ ወንድም እህት መሆን ምን እንደሆነ የምታውቅ ታውቀዋለች። በቡሬ መንገድ ሰፊ የቡና መሬት የነበረው አንድ ባላምባራስ ሚስቱ ሞታበት እኔን ጠየቀ። ጋሼ «ልጅቷ ገና ናት» ብሎ መለሰ። እኔ ገና አልነበርኩም፣ ሰውየው ነበር ያለፈበት! ባላምባራሱ ተቆጣና ጠጅ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሺ ብለው ካልሰጡኝ ከውኃ መንገድ አነሣታለሁ» ብሎ ማለ። ጠለፋ ማለት ነው እንግዲህ። አሽከሮች ነበሩት፣ ጠመንጃ ነበረው፣ ያደርገዋልም። ጋሼ በዚያው ቀን ጠርቶ «አስካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቃጭል ሳትሰሚ ከዚህ ቅጥር እንዳትወጪ። ቃጭል ሲኖር ውጪ፣ ቃጭል ሳይርቅ ተመለሽ» አለኝ። እኔም ቃጭል ሲደውል እንደሚወጣ ቀዳሽ ሆንኩ።

የኛን ሰፈር የሚዞረው አባ ዳማ ነበር። ስሙ መንገሻ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አቀርቅሬ እቀዳለሁ፣ እሱም ወደ ሌላ እያየ ይቆማል። ምንጩ ሥር ፈረሱን ማጠጣት አለበት፣ ዘበኛ ያለ ሥራ አይቆምማ። ያ ዳማ ፈረስ ውኃ ሲጠጣ! ጠጥቶ ይጨርስና መንገሻ ያፏጭለታል፣ እንደገና ያጎነብሳል። እንስራዬ ሞልቶ እየፈሰሰ እኔም ቆሜአለሁ። አንድ ቀን አላስቻለኝምና «ይኼ ፈረስ ዛሬ ሊፈነዳ ነው» አልኩ፣ ለፈረሱ የተናገርኩ መስዬ። «ምን ያድርግ እቱ፣ ጠምቶታል» አለኝ። «ጧትም ጠጥቶ ነበር እኮ!» ብለው «ጧትም አንቺ ነበርሽ» አለኝ። በዚያ ሳቅ ያዘልኩት እንስራ ከጀርባዬ ሊያመልጥ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲያ ፈረሱ ሁልጊዜ ይጠማዋል።

በሁዳዴ መግቢያ ላይ መንገሻ ለወንድሜ ሰው ልኮ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚያመጣ አስታወቀ። የወንድሜ ሚስት እትዬ አመለወርቅ ናት የነገረችኝ፣ ሹሮ እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ጋሼስ ምን አለ?» አልኳት። «‹ፈረስ ያለው፣ የመንግሥት ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው፣ ባላምባራሱም አይደፍረውም› አለ» አለችኝ። ያን ሌሊት፣ ከደስታዬ የተነሣ፣ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። እትዬ ጧት ዓይኔን አይታ «ጾሙ ገና ነው፣ ከአሁኑ አትቅለጪ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ቅጥር በወግ፣ በፈረስ ጀርባ፣ በእልልታ የምወጣበት ቀን መጣልኝ ብዬ ነዋ።

አዋጁ የመጣው በሁዳዴ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን ነው። ነጋሪቱ ሲጎሰም ከቅጥራችን ውስጥ ይሰማ ነበር፣ ገበያው ከኛ በታች ነው። ገበያው ጸጥ አለ፣ አዋጅ ነጋሪው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ስማ ብሎ፣ የሰማ ላልሰማ ይንገር ብሎ፣ ዋናውን ነገር ተናገረ፦ «ከዛሬ ወዲያ ፈረሰኛው ይቀራል፣ እግረኛው ይዞራል!» አስተርጓሚው ቀጠለና በኦሮምኛ «አባን ፈርዳ ኒሃፋ» አለ። አለቀ። ነጋሪቱ ሄደ።

አሁን ይህን ቃል እስቲ እዩት። ይቀራል። ፈረሰኛው ይቀራል ማለት ፈረሰኛ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም ማለት ነው? ወይስ ፈረሰኛው እዚሁ ከኛ ጋር ይቀራል፣ እግረኛው ግን ወደ ሌላ አገር ዞሮ ይሄዳል ማለት ነው? ኦሮምኛውም አልረዳ፣ «ሃፌ» ያው እንደኛው «ቀረ» ሁለት መንገድ አለው። ገበያው ለሁለት ተከፈለ። አዴ ጫልቱ እልል ብላ «ቀረ! ዕቃዬ ተረፈ!» ትላለች። ጎኗ ያለችው ቂቤ ሻጭ «ምን እልል ያሰኝሻል፣ እዚሁ ይቀራሉ ነው የተባለው» ትላታለች። ግሪኩ ባለሱቅ ከበሩ ወጥቶ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ቀረ ሄደ? ቀረ አልሄደ?» እያለ የሚያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል፣ የሚመልስለትም እየሳቀ ይመልስለታል። በቅሎ ነጂዎቹ መንገዱ ጠባቂ አጣ፣ አለቀልን ብለው ራሳቸውን ያዙ። የሣር ተራ የደረሰባቸው ሰዎች ማጭዳቸውን ወረወሩና ተቃቀፉ። ደብተራው ሳይቀር ተጠይቆ «ነገሩ እንደ አገባቡ ነው» ብሎ መለሰ። የተማረ ሰው ሲጨንቀው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ጠቢብ የሆነ አንድ ሽማግሌ «ለምን ትጣላላችሁ፣ ማታ ቃጭሉ ከተሰማ አሉ፣ ካልተሰማ የሉም» አለ። እውነት ነው ተባለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎሬ ጆሮ ሆነች። ልጅ እንዳያለቅስ ጡት ይጎረሳል፣ ውሻ ይታሰራል፣ ወፍጮ ይቆማል። እኔ አጥሩ ላይ ተለጥፌ፣ እትዬ ከኋላዬ ቆማ፣ ትንፋሽ አላሰማንም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል! ሁሉም መጡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በሰልፍ። ከተማው ጮኸ። ከየቤቱ ጠላ ወጣ፣ አዴ ጫልቱ በሯን ጠርቅማ ገባች፣ እኔ እትዬን አቅፌ ዘለልኩ። መንገሻ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ከኮርቻው ላይ አጎንብሶ የፈረሱን አንገት እያሻሸ ነበር። ያ ለስንብት መሆኑን ያወቅነው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጸጥ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴዎቹና በቅሎ ነጂዎቹ ተሰብስበው ገዥው ደጅ «አቤት! አቤት!» ሲሉ ዋሉ፣ ዝናቡ ወረደባቸውና ተመለሱ። ወሬው ደግሞ መዓት ነው። ፈረሶቹን በሽታ ፈጃቸው የሚል አለ፣ ላይ አገር ለሌላ ሥራ ተፈለጉ የሚል አለ፣ ገብሱ በዛ የሚል አለ። የተጠየቀ ሹም ሁሉ «ትእዛዝ ነው» ይላል። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ የከተማው ሰው በሙሉ ስለ ፈረስ ሲጮህ ሰንብቶ፣ ፈረሶቹ በጭቃው ውስጥ ተስበው ሲሄዱ ቆሞ አየ። ሸክላ ሻጮቹም አብረው አዩ፣ አንዳንዶቹ አለቀሱ አሉ። ለምን እንዳለቀሱ እነሱም አላወቁትም።

ጋሼ ከመንገድ ሲመለስ ነገሩን ሰማና ቀጥ ብሎ ግሪኩ ሱቅ ሄዶ አንድ ትልቅ ቁልፍ ከነሰንሰለቱ ገዝቶ መጣ። የቅጥሩን በር ከውጭ አሰረው። «እስኪ ይሄ ባላምባራስ ይሞክራት» አለ። መክፈቻውን እትዬ ትይዛለች፣ ውኃውን እሷ ትቀዳለች፣ ገበያውን እሷ ትሄዳለች፣ ስትወጣ ቀጭ፣ ስትገባም እጇን በበሩ ስንጥቅ አሾልካ ቀጭ። «ቤተ ክርስቲያንስ?» ብል «እግዜር ቅጥር አይከለክለውም» አለኝ ጋሼ። ይኼውላችሁ፣ የሰረቀ ሌባ እንኳ ወህኒ ሲገባ ዳኛ ያየዋል። እኔ የታሰርኩት ሌላ ሰው ወንጀል ሊሠራብኝ ስላሰበ ነው! ተናደድኩ፣ ጮህኩ፣ እህል አልበላም አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ይህ ነው የባሰው፣ ሁሉም እያዘኑልኝ ቆለፉብኝ።

አንድ ከሰዓት አዴ ጫልቱ ከአጥሩ ውጭ ሸክላዋን ያወረደች መስላ ቆመችና በቀዳዳው «አስካሌ፣ አስካሌ» አለችኝ። «መንገሻ ኢንሃፋ ጄዴ» አለችኝ። ይቀራል ብሏል ማለቷ ነው። ወደ ቀዳዳው ተጠጋሁ። «ምኑ ነው የሚቀረው አዴ? እሱ ነው ወይስ ነገሩ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ፣ እንደሱ በያት አለኝ፣ ይቀራል በያት» ስትል እትዬ መክፈቻዋን እያንሿሿች መጣችና አዴ ጫልቱ ሸክላዋን ተሸክማ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም፣ በዚያው ሰሞን ወደ ዘመዶቿ አገር መሄዷን ሰማሁ። ማታ ነገሩን ለእትዬ ነገርኳት፣ እሷ ለጋሼ ነገረች። ጋሼ ሳያስብበት «ቀረ ማለት ቀረ ማለት ነው። ፈረሱም ሄደ፣ ሰውየውም ሄደ፣ ሽማግሌም የለም» አለኝ። ፋሲካ ደረሰ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፣ እውነትም በራችንን ያንኳኳ ሽማግሌ የለም። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማምነው ሰው ከዚያ ቅጥር ውስጥ አልነበረም።

ግን ጆሮ አያምንም። ወደ ማታ ሁልጊዜ ፈትሌን ይዤ አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ከውጭ ምንም የለም፣ ጭቃና ዝናብ፣ አልፎ አልፎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እግረኛ ዘበኛ ተተክቷል ይባላል፣ ባዶ እግሩን የሚዞር ሰው በጎሬ ጭቃ ላይ ምን ድምፅ ይኖረዋል! እኔ የምጠብቀው ቃጭል ነው። አንድ ማታ በጣም ሲመረኝ ይቺን ግጥም አወጣሁ፣

ፈረሰኛው ቀረ ሲሉኝ ሰምቼ፣
እኔም ይኸው ቀረሁ በሬን ዘግቼ።

እራሴ አውጥቼ እራሴ አንጎራጎርኳት። ቆልፈውብኝ ማለት ሞት መሰለኝ፤ ሴት ልጅ ቢያንስ በሯን እራሷ ትዝጋ ብዬ ነው። ጋሼ ዘፈን ስለማይወድ እሱ ሲኖር ዝም እላለሁ። ከአጥሩ በቀር ያቺን ግጥም የሰማልኝ የለም፣ እትዬም ብትሆን «ምን ታጉረመርሚያለሽ» ነው የምትለኝ። ጥቂት ሰሞን ዘፈንኳት፣ ከዚያ እሷም ሰለቸችኝ።

ባላምባራሱ ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ለከርሞው ሌላ አገባ! የቡሬ ልጅ፣ በሽማግሌ፣ በወግ። ሰው ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። የኛ በር ግን አልተከፈተም። ጋሼን «እንግዲህስ?» ብለው «ደግሞ ሌላ አይጠፋም» አለኝ። ቁልፉ ልማድ ሆኖ ቀረ። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጋሼ «ገና ናት» ሲል፣ ከዚያ «እስቲ ይታሰብበታል» ሲል፣ በኋላ የሚጠይቅም ጠፋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰዉም ቁልፉም ተበታተነ፣ ጋሼም ከሄደበት አልተመለሰም። ነፍሱን ይማር፣ አልቀየመውም ለማለት እሞክራለሁ፣ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል። እኔ መቱ ወረድኩ፣ ጥጥ ፈተልኩ፣ እንግዳ አሳደርኩ፣ የወንድሜን ልጆች አሳደግኩ። ከኋላዬ «ቆማ የቀረች» የሚሉኝን እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። በሬ ላይ ቁልፍ አልሰቀልኩም፣ ሰናይት ሌባ ይገባል ብላ ብትለምነኝም እስከ ዛሬ እምቢ ነው ያልኳት።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ያ ሰው ሰናይት የሰጠችውን ሻይ ጠጥቶ ተነሣና ፈረሱን በሣር እፍኝ ይወለውል ጀመር። እየወለወለ ያንጎራጉራል። መጀመሪያ ዜማውን ነው የሰማሁት። ቀጥሎ ቃሉ መጣ፦ «ፈረሰኛው ቀረ ሲሉኝ ሰምቼ...»

«ማነው ያስተማረህ?» አልኩት። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ፈረሱም እሱም ደነገጡ።

«አባቴ ነው እትዬ። ያባቴ ዘፈን ነው።»

«አባትህ ማነው?»

«መንገሻ ይባላል፣ አምና ነው ያረፈው። ድሮ ጎሬ ዘበኛ ነበር፣ በፈረስ። ስንት አገር ዞሮ በስተርጅና ነው ቡሬ መንገድ የገባው።»

ሰናይትን ውኃ ስጭኝ አልኳት። ጠጣሁ። «ተቀመጥ እስቲ» አልኩት፣ «ፈረሱን ተወው፣ ደርቋል። አባትህ ከፈረሶቹ ጋር አልሄደም እንዴ?»

«የለም፣ ፈረሱን ሲወስዱ ከፈረሱ ጋር ሂድ ቢሉት እምቢ ብሎ እዚያው ጎሬ ቀረ። በእግሩ ይዞር ነበር» አለኝ። «የሚወዳት ልጅ ነበረች። እንደማይሄድ ላከባት። ሽማግሌም ልኮ ነበር፣ ወንድሟ ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ አግኝቶ ‹እህቴን ለእግረኛ አልሰጥም› ብሎ መለሳቸው። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ማታ ማታ በአጥሯ ሥር ያልፋል፣ ቆም ይላል። እሷ ምን ታስብ እንደሆን ሳያውቅ እንዴት ይናገር። አንድ ማታ ከውስጥ ይህን ዘፈነችበት።» ሳቀ፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። «‹በሬን ዘግቼ አለችኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ› ይል ነበር። በዚያው አገሩን ጥሎ ወጣ። እኛ ስንጠይቀው እየሳቀ ነው የሚነግረን፣ እናታችን እንኳ ትቀልድበት ነበር።»

እኔ ወደ ፈረሱ አንገት እያየሁ ነው። «ይኼ ቃጭልስ?»

«የዚያን ጊዜው ነው። ፈረሱን ሲያስረክብ ፈትቶ አስቀረው። በኮቱ ኪስ ይዞት ይዞር ነበር አሉ፣ ጨርቅ ወትፎበት።»

«ጨርቅ ለምን?»

«እንዳይጮህበት ነዋ እትዬ! እግረኛ ሰው ቃጭል እያሰማ ቢሄድ ጎሬ አትስቅበትም?»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ በዚያ ልጅ ፊት፣ በሰናይት ፊት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቃጭል ስጠብቅ፣ እሱ ከአጥሩ ወዲያ ቃጭሉን ጨርቅ ወትፎ ይዞት ቆሞ ነበር። ክንድ የማይሞላ አጥር! ሰው እንዳይስቅበት! ተናደድኩም፣ በሱም፣ በጋሼም፣ በአዋጁም። ልጁ ግራ ገብቶት ቆመ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም።

«በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነበር» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ። «እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ፊቱ ያባቱን አይመስልም፣ አጎንብሶ ሲነሣ ትከሻው ግን መሰለኝ።

«አባትህን አልደርስበትም፣ አንተ ግን ስትዘፍናት አስተካክላት» አልኩት። «ዘግቼ አትበል። እኔም ይኸው ቀረሁ፣ በሬ ተዘግቶ በል።»

በአፉ ሞከራት፣ ደግሞ ሞከራት፣ ከዚያ እንደሚያዝን ሆኖ «ቤት አይመታም እኮ እትዬ» አለኝ።

«ባይመታ ይቅር!»

እሺ ብሎ ፈረሱን ጫነ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንዲያድር ብንለምነውም እቤት ይጠብቁኛል አለ። በሩ ድረስ ሸኘሁት፣ ሰናይት ክንዴን ይዛ። ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳገቱን ሲጀምር ፈረሱ ሶምሶማ ረገጠ፣ ቃጭሉም ጮኸ፣ ጨርቅ የሌለበት ቃጭል። ልጁ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም እንደ ድሮዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ፈረሰኛው ቀረ ሲል ሰማሁት፣ እኔም ይኸው ቀረሁ ሲልም ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃጭሉ ዋጠብኝ።